ከጁሪ መሸሽ ማንን ይጎዳል? «የጁሪ መጥሪያን መገላገያ» ለተሰኘው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ባለፈው ወር አንድ ጽሑፍ በዋሽንግተን ዲሲና በአካባቢዋ በምንኖር ሐበሾች ስልክ ላይ ሲዞር ሰነበተ። ለእኔ ብቻ ሦስት ሰዎች ልከውልኛል፤ አንዷ የእናቴ ልጅ ናት። ርእሱ «የጁሪ መጥሪያን መገላገያ» ይላል። ጁሪ ማለት ከሕዝብ መካከል ተጠርተው በፍርድ ቤት ክርክር ላይ የሚፈርዱ ተራ ሰዎች ናቸው። ጸሐፊው መጥሪያ ደርሷቸው ፍርድ ቤት ሄደው፣ ቀኑን ሙሉ ሲጠብቁ ውለው፣ በመጨረሻ «እናመሰግናለን፣ መሄድ ይችላሉ» ተብለው የተመለሱ ሰው ናቸው። መናደዳቸው ይገባኛል። ንዴታቸውን ለወገን ምክር አድርገው ማቅረባቸው ግን አሳስቦኛል።

የሚሉት ባጭሩ እንዲህ ነው። በፍትሐ ብሔር ክርክር ጁሪ የሚመረጥበት ሥነ ሥርዓት ጠበቆች የፈለጉትን ሰው የሚያስቀምጡበት ድራማ ነው። ጥያቄዎቹ የሰው ጓዳ መበርበር ናቸው። ጥቁርና ስደተኛ መጨረሻ ላይ መባረሩ ስለማይቀር፣ ሕጉም ምንም ስለማያደርግ መሄዱ ቀን ማቃጠል ነው፤ የሚከፈለውም የቀን ገቢን አይተካም። ጉዳዩም «የገንዘብ ጭቅጭቅ» ስለሆነ ማንም ቢፈርደው ለውጥ የለውም። ስለዚህ «እንግሊዝኛ አልችልም» ወይም «ካሳ የሚጠይቅ ሁሉ ውሸታም ነው» ብሎ ወደ ሥራ መመለስ ይሻላል፤ «በዚህች ትንሽ ውሸት የሚጎዳ ሰው የለም»። ሲያጠቃልሉም ጁሪ የፈረንጅ ነገር ነው፣ በባህላችን የምናውቀው ዳኛን ነው ይላሉ።

እኔ በሰሜን ቨርጂኒያ በመኪና አደጋ የተጎዱ ሰዎችን ጉዳይ በሚይዝ የጠበቃ ቢሮ ውስጥ ረዳት ሆኜ ስሠራ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። ጠበቃ አይደለሁም። ፋይል አዘጋጃለሁ፣ የሕክምና ወረቀት እሰበስባለሁ፣ የአገሬን ሰዎች ቀጠሮ አስታውሳለሁ፣ ሲጨንቃቸው ስልክ አነሣለሁ። ደንበኞቻችን ታክሲና ኡበር ነጂዎች፣ የፓርኪንግ ሠራተኞች፣ አረጋውያን የሚንከባከቡ እናቶች ናቸው። ወደዚህ ሥራ ከመግባቴ በፊት፣ ገና ልብስ መደብር ስሠራ፣ ራሴም በአንድ የመኪና አደጋ ክርክር በጁሪነት ተቀምጫለሁ። ስለዚህ ጁሪ ሲባል ዓይኔ ላይ የሚመጣው ከወንበሮቹ ፊት ለፊት ተቀምጦ እጁን የሚያፍተለትለው ሰው ነው። ለጸሐፊው የምመልሰውም እሱን እያሰብኩ ነው።

ከ«ድራማው» ልጀምር። ጸሐፊው «ጠበቆች የሚፈልጉትን ይመርጣሉ» ይላሉ። ማንም ጠበቃ ማንንም መርጦ አያስቀምጥም፤ የሚችለው መቀነስ ብቻ ነው። ስማችን ከመራጮች መዝገብ፣ በብዙ ቦታም ከመንጃ ፈቃድ ዝርዝር ላይ በዕጣ ይወጣል። በቨርጂኒያ ከፍ ያለ ገንዘብ በሚጠየቅበት የፍትሐ ብሔር ክርክር የሚቀመጡት ሰባት ሰዎች ናቸው፤ ሰባቱ የሚገኙት ደግሞ ቢያንስ 13 ሰው ካለበት ዝርዝር ነው። መጀመሪያ ያለ አድልዎ መፍረድ የማይችሉት በዳኛው ውሳኔ ይነሣሉ። ይህ በምክንያት ማንሣት ነው፤ ምክንያቱ እስካለ ድረስ የቁጥር ገደብ የለውም። ከዚያ ከሳሽ አንድ ስም ይሰርዛል፣ ተከሳሽ አንድ ይሰርዛል፤ እያንዳንዳቸው በተራ ሦስት ሦስት ስም። ይህኛው ያለ ምክንያት ማንሣት ይባላል። ከ13 ላይ 6 ሲነሣ 7 ይቀራል። በፌዴራል ፍርድ ቤትም ለእያንዳንዱ ወገን የተፈቀደው ሦስት ነው፤ የጁሪው ቁጥር ከ6 አያንስም፣ ከ12 አይበልጥም። ጠበቃው የሚፈራውን ሰው ያወጣል እንጂ የሚወደውን አያስገባም፤ የሚወደውንማ ባላጋራው ቀድሞ ይሰርዝበታል።

የጥያቄውን ሥርዓት ፍርድ ቤት ውስጥ «ቯር ዲር» ሲሉት ትሰማላችሁ። ከድሮ ፈረንሳይኛ የመጣ ቃል ነው፤ እውነቱን መናገር ማለት ነው። ሰው ሁሉ ይምልና ይጠየቃል። በፌዴራል ፍርድ ቤት ዳኛው ራሱ መጠየቅ ወይም ለጠበቆቹ መፍቀድ ይችላል። በቨርጂኒያ ግን ጠበቆች በቀጥታ የመጠየቅ መብት በሕግ ተሰጥቷቸዋል። የሚጠይቁትም ሰውየው ከተከራካሪዎቹ ጋር ዝምድና እንዳለው፣ በጉዳዩ ጥቅም እንዳለው፣ አስቀድሞ አቋም እንደያዘና በልቡ ያደረ ጥላቻ ወይም አድልዎ እንዳለ ለማወቅ ነው። እነዚህን አራት ነገሮች ጸሐፊው አንዴም አላነሷቸውም። አንባቢያቸው ግን ሊያውቃቸው ይገባል፤ ጠበቆቹ የሚጠይቁት ግራ የሚያጋባ ጥያቄ ሁሉ ዞሮ ዞሮ ከእነዚህ ወደ አንዱ ይደርሳልና።

እኔ የተቀመጥኩበትን ቀን ላንሣ። ከሳሿ መብራት ላይ ቆማ ሳለች ከኋላ የተገጨች ሴት ነበረች። ዳኛው የምስክሮቹን ስም አንድ በአንድ አንብበው «ከእነዚህ ውስጥ የምታውቁት አለ?» አሉ። አንድ ሽማግሌ ተነሥተው «ሁለተኛው ሐኪም የጉልበቴ ሐኪም ነው» አሉና ተሰናበቱ። ቀጥሎ የከሳሽ ጠበቃ «ከሕክምና ወጪ ሌላ ለሕመምና ለስቃይ ገንዘብ መክፈል አይገባም ብሎ የሚያምን ሰው አለ?» ብሎ ጠየቀ። ከኋላ ወንበር ያለ ጎልማሳ እጁን አወጣ። «ሐኪም ያስከፈላትን ሁሉ እሰጣታለሁ። ለሕመሙ ግን ዋጋ የሚያወጣው እግዚአብሔር ነው፤ እኔ ቁጥር አልጽፍም» አለ። ዳኛው፣ ሕጉ እንዲህ ቢያዝ ታከብራለህ ወይ ብለው ሁለት ጊዜ ጠየቁት። ሁለቴም «አልችልም» አለ። አመስግነው ሸኙት። ማንም አልሳቀበት፣ ማንም አልተቆጣው። እኔ ያን ሰው እስከ ዛሬ አከብረዋለሁ። አጠገቤ ያለችው ሴትዮ ደግሞ «ወንድሜ የኢንሹራንስ ኩባንያ ውስጥ ይሠራል፣ ግን የቀረበልኝን ማስረጃ አይቼ ነው የምፈርደው» አለች፤ ተቀመጠችም። በኋላም ለከሳሿ ከሁላችን በላይ የተከራከረችው እሷ ነበረች። ድራማ ቢሆን ኖሮ የሁለቱ ዕጣ አስቀድሞ ይታወቅ ነበር።

ስለ ጓዳ መበርበር የተባለው ብዙ አያከራክረንም። በሰው ፊት መናገር የሚከብድ ነገር ያለው ሰው «ለብቻዬ መናገር እፈልጋለሁ» ይበል፤ ዳኛው ጠበቆቹን ይዘው ወደ ጎን ይሰሙታል። አደጋ ደርሶብህ ያውቃል ወይ፣ ከሰህ ወይም ተከሰህ ታውቃለህ ወይ፣ በቤተሰብህ ሐኪም አለ ወይ ማለት ጓዳ መክፈት አይመስለኝም። ተከራካሪው እኔ ብሆን እነዚህን ሳላውቅ ዕጣዬን ለማላውቃቸው ሰባት ሰዎች አልሰጥም ነበር።

ይልቅ እንቅልፍ የነሣኝ «በዚህች ትንሽ ውሸት የሚጎዳ ሰው የለም» የሚለው ዐረፍተ ነገር ነው።

በደቡብ ዳኮታ አንድ ሞተር ብስክሌት ነጂ መኪና ገጭቶት እግሩን አጥቶ ከሰሰ። የጉዳዩ ስም ዋርገር ከሻወርስ ነው። ጁሪው ለተከሳሹ ፈረደ። ከዚያ ከጁሪዎቹ አንዱ ለከሳሽ ጠበቃ ምስጢር አወጣ። የጁሪው ሰብሳቢ በውይይቱ ወቅት የገዛ ልጇ ሰው የሞተበት የመኪና አደጋ አድርሳ እንደነበር፣ ያኔ ብትከሰስ ኖሮ ሕይወቷ ይበላሽ እንደነበር ለሌሎቹ ነግራቸው ኖሯል። በምርጫው ጊዜ ግን ያለ አድልዎ መፍረድ እችላለሁ ብላ ነበር የተቀመጠችው። ጉዳዩ እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። በ2014 ዘጠኙም ዳኞች በአንድ ድምፅ፣ በጁሪ ክፍል ውስጥ የተነገረውን ይዞ ፍርዱን ማፍረስ አይቻልም አሉ። ሕጉ የጁሪን ውይይት ምስጢር ይጠብቃል፤ የሚጠብቅበትም በቂ ምክንያት አለው። በሩ አንዴ ከተዘጋ ግን እግሩን ያጣው ሰው የሚይዘው ነገር እጅግ ጥቂት ነው። በሩ ከመዘጋቱ በፊት ያለው ዋናው ወንፊት ያ የጥያቄ ሰዓት ነው። ጸሐፊው «ትንሽ» ያሏት ውሸት የምታልፈው በዚያ ወንፊት ነው።

ሌላም አለ። በ1984 የተፈረደው ማክዶኖ ከግሪንውድ የተባለ ጉዳይ ሣር ማጨጃ ማሽን እግሩን የጎዳው ሕፃን ጉዳይ ነው። በቤተሰባችሁ ከባድ ጉዳት የደረሰበት አለ ወይ ተብለው ሲጠየቁ አንድ የጁሪ አባል ዝም አለ። በኋላ ልጁ ጎማ ፈንድቶበት እግሩ ተሰብሮ እንደነበር ታወቀ፤ ሰውየው ግን ያ «ከባድ» ከሚባለው ይቆጠራል ብሎ አላሰበም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እንዲህ ላለ የቅንነት ስህተት ክርክሩ እንደገና አይጀመርም አለ። እንደገና እንዲጀመር ሰውየው እያወቀ እውነቱን የደበቀ መሆን አለበት፤ እውነቱ ቢነገር ኖሮም በምክንያት ለማንሣት የሚያበቃ መሆን አለበት። ስለዚህ በቅንነት የሚሳሳት ሰው አይፍራ። እያወቀ የሚዋሽ ግን የሁለት ወገኖችን የዓመታት ድካም አፈር ሊያስበላ ይችላል።

ካሳ የሚጠይቅ ሁሉ ውሸታም ነው ብላችሁ ውጡ የሚለው ምክር ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ይህን የምትሉት ለብቻችሁ አይደለም፤ አርባ ሃምሳ ሰው ባለበት አዳራሽ ነው። ከመካከላቸው ሰባቱ ሊቀመጡ ነው። ከፊት የተቀመጠው ከሳሽ ምናልባት ስሙ እንደ ስማችን የሆነ ሰው ነው፤ ከራሱ ወገን አፍ የወጣውን ቃል እየሰማ ይቀመጣል። እናንተ ወደ ሥራ ትመለሳላችሁ፤ ቃላችሁ ግን አዳራሹ ውስጥ ይቀራል።

አሁን ጸሐፊው እውነት ወዳላቸው ነጥብ ልምጣ። ጥቁሮችን ከጁሪ ማስወጣት ተደርጓል፤ ዛሬም አልጠፋም። ይህን የሚክድ ሰው ቢኖር ከጸሐፊው ጎን ቆሜ እከራከረዋለሁ። ግን «ሕጉ ምንም አያደርግም» ያሉት ስህተት ነው። ስህተት መሆኑን ያሳየው ጉዳይ ደግሞ የፍትሐ ብሔር ጉዳይ ነው፤ እንደኔ ደንበኞች የቀን ሥራ ሠርቶ የሚያድር ሰው ጉዳይ።

ታዲየስ ኤድመንሰን በሉዊዚያና ግዛት ፎርት ፖልክ በሚባል የጦር ሰፈር የሚሠራ ጥቁር የግንባታ ሠራተኛ ነበር። የሊስቪል ኮንክሪት ኩባንያ መኪና ወደ ኋላ ተንሸራቶ ከግንባታ መሣሪያ ጋር አጣበቀው። ከሰሰ። ኩባንያው ከተፈቀዱለት ሦስት ያለ ምክንያት ማንሻዎች ሁለቱን ሁለት ጥቁሮችን ለማስወጣት ተጠቀመበት። በወንጀል ክርክር ዐቃቤ ሕግ በቀለም ምክንያት ሰው እንዳያነሣ በ1986 ባትሰን በተባለው ጉዳይ ተወስኖ ነበርና ኤድመንሰን «ምክንያታቸውን ይናገሩ» ብሎ ጠየቀ። ዳኛው ያ ውሳኔ ለፍትሐ ብሔር አይሠራም ብለው አለፉት። አሥራ አንድ ነጮችና አንድ ጥቁር ተቀመጡ። ጉዳቱን 90,000 ዶላር ገመቱት፤ ከአደጋው ጥፋት ግን 80 በመቶው የራሱ የኤድመንሰን ነው ብለው 18,000 ብቻ ወሰኑለት። እሱ አልተወም። በ1991 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ስድስት ለሦስት በሆነ ድምፅ ፈረደለት፦ የግል ኩባንያም ቢሆን በመንግሥት ችሎት፣ በመንግሥት ሥልጣን ሰው ሲያስነሣ በቀለም ሊለይ አይችልም። ከሦስት ዓመት በኋላ በ1994 ፍርድ ቤቱ ይህንኑ ለጾታም አደረገው።

እስቲ ጸሐፊው ይህን ያስቡት። ያን ቀን እነዚያ ሁለት ጥቁሮች «መባረራችን ላይቀር» ብለው ቤታቸው ቢቀሩ ኖሮ ኩባንያው ማንንም መሰረዝ አያስፈልገውም ነበር። ኤድመንሰንም የሚያመለክተው በደል አይኖረውም። የተቀመጠውም አንድ ጥቁር እንደነሱ ቢቀር ኖሮ አሥራ አንድና አንድ የሆነው ጁሪ አሥራ ሁለት ለባዶ ይሆን ነበር፤ ያውም በሕጋዊ መንገድ። ተነሥተው የተመለሱት ሁለቱ ሰዎች ቀናቸውን አላቃጠሉም። ዛሬ እያንዳንዳችን በፍትሐ ብሔር ችሎት «ለምን ተነሣ?» የሚያስብል መብት ያገኘነው እነሱ ስለተገኙ ነው።

ያ መብት በቂ አይደለም ቢሉኝ እስማማለሁ። ጠበቃ «ዓይኑን ሲያንከባልል አየሁት» የመሰለ ምክንያት ፈጥሮ ማለፍ ይችላል፤ ይህ ለዓመታት ሲያስለቅስ የኖረ ቀዳዳ ነው። ግን ቀዳዳውን ለመድፈን የተነሡ ግዛቶች አሉ። ብዙ ሐበሻ የሚኖርበት የዋሽንግተን ግዛት ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2018 ባወጣው ደንብ፣ ነገሩን ከውጭ ሆኖ የሚያይ ሰው ቀለም ወይም ዘር ምክንያት ሊሆን ይችላል ብሎ ከገመተ ማንሣቱ አይፈቀድም። ተንኮሉን ማስረዳት አይጠበቅብንም ማለት ነው። ደንቡ አስቀድሞ እንደ ብልሹ ከሚቆጥራቸው ምክንያቶች አንዱ «እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻ ቋንቋው አይደለም» የሚለው ነው። ለእኛ የተጻፈ እስኪመስለኝ ድረስ ደጋግሜ ያነበብኩት መሥመር ነው። አሪዞና ደግሞ ከ2022 መጀመሪያ ጀምሮ ያለ ምክንያት ማንሣትን ከነጭራሹ አስቀርታለች።

ስለ እንግሊዝኛ ካነሣን ጸሐፊው «አልችልም በሉ» ባሉት ላይ ልቁም፤ በዚህ ጉዳይ ሰው ሊታሰር ይችላልና። የፌዴራሉ ሕግ ጁሪ ለመሆን ዜግነት፣ 18 ዓመት፣ በአካባቢው አንድ ዓመት መኖር፣ እንግሊዝኛ መናገርና ቅጹን ለመሙላት በሚያበቃ ደረጃ ማንበብ፣ መጻፍና መረዳት ይጠይቃል። በእንግሊዝኛ ረገድ ከዚህ በላይ አይጠይቅም። ከአነጋገር ዘዬ ነፃ መሆን አይጠይቅም። የሚላከው ቅጽ ላይ የምንፈርመው ሐሰት ብንጽፍ በሕግ እንደምንጠየቅ ዐውቀን ነው። ከአገልግሎቱ ለማምለጥ ሆን ብሎ ሐሰት የሚሞላ ሰው እስከ 1,000 ዶላር ቅጣት፣ እስከ ሦስት ቀን እስራት ወይም የማኅበረሰብ አገልግሎት ሊወሰንበት ይችላል። አብዛኞቻችን ዜግነት ስናገኝ የእንግሊዝኛ ፈተና አልፈናል፤ ሥራ ቦታችን የምንነጋገረው በእንግሊዝኛ ነው። በእውነት የማይችል ሰው ግን አያፍርበት፤ በግልጽ ይጻፈው። ግሪን ካርድ ብቻ ያለውም መጥሪያ ቢደርሰው «ዜጋ አይደለሁም» ብሎ ይመልስ እንጂ ወረቀቱን አይጣለው።

ከዚህ ጀርባ ደግሞ ጸሐፊው ያላዩት ትልቅ ነገር አለ፤ በሥራዬ በየቀኑ የምኖርበት ስለሆነ ታግሣችሁ አንብቡልኝ። አንዲት ደንበኛችን፣ በዕድሜ የገፉ እናት፣ ለሐኪማቸው «ወገቤን ይጠዘጥዘኛል፤ ሲመሽ እስከ እግሬ ጣት ይነዝረኛል» ብለው ነበር። ማስታወሻው ላይ የሰፈረው «የጀርባ ሕመም» የሚል ሁለት ቃል ነው። ይወጋኛል፣ ይለበልበኛል፣ ይቆረጥመኛል፣ ይጠዘጥዘኛል፤ እኛ ቤት እነዚህ አራት የተለያዩ ሕመሞች ናቸው። የቸኮለ አስተርጓሚ እጅ ሲገቡ አንድ «ፔይን» ሆነው ይወጣሉ። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ አደጋው ቦታ ላይ የሚሆነው ነው። ፖሊሱ «ደህና ነዎት?» ሲላቸው እኚያው እናት «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ። እናቶቻችን ሌላ ምን ሊሉ ይችላሉ? በሞት አፋፍ ላይ ያለ ሰው እንኳ ሲጠየቅ እግዜር ይመስገን ነው የሚለው። የፖሊሱ ሪፖርት «ጉዳት የለም» አለ። ችሎት ላይ የተከሳሹ ጠበቃ ያን ወረቀት ከፍ አድርጎ «በራሳቸው አንደበት ደህና ነኝ ብለዋል» አለ። ከሰባቱ መካከል ያ ሰላምታ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ አንድ ሰው አልነበረም። እኔ ከኋላ ተቀምጬ ነበር፤ መናገር አልችልም፤ ቦታዬ አይደለም።

አንድ የኛ ሰው ከሰባቱ አንዱ ቢሆን ለእኚያ እናት ያዳላል ማለቴ አይደለም። ካዳላማ መነሣት አለበት። ሰው ግን ወደ ጁሪ ክፍል ሲገባ የኖረበትን ሕይወት ደጅ ላይ አያስቀምጥም፤ ሕጉም አይጠይቀውም። ሁለት ነገር ግን ይጠበቅበታል። የመጀመሪያው፣ ምስክሩ በአማርኛ ቢናገርም ማስረጃ ሆኖ የሚያዘው አስተርጓሚው በእንግሊዝኛ ያለው ነው። ይህን እቀበላለሁ ወይ ተብሎ በጥያቄው ሰዓት ሊጠየቅ ይችላል፤ አስቦበት ይመልስ። በ1991 በኒው ዮርክ በአንድ የወንጀል ጉዳይ፣ ሄርናንዴዝ በሚባለው፣ ስፓኒሽ የሚችሉ ሰዎች ከጁሪ የተነሡት ሲጠየቁ በማመንታታቸው «አስተርጓሚውን ላይቀበሉ ይችላሉ» ተብሎ ነበር፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም አጸደቀው። ያ ውሳኔ እስካሁን ያመኛል፤ ቋንቋ ማወቅ ቅጣት የሆነ ይመስላልና። ግን እዚያው ላይ ዋናውን አስተያየት የጻፉት ዳኞች መውጫ መንገድ ጠቁመዋል፦ ትርጉሙ የተሳሳተ የመሰለው የጁሪ አባል በጨዋነት ለዳኛው ማሳወቅ እንዲችል ማድረግ ይቻላል። እንግዲህ «ትርጉሙን እቀበላለሁ፤ የሚያሳስብ ስህተት ብሰማ ለዳኛው ብቻ በጽሑፍ አሳውቃለሁ» ማለት እውነተኛም ብቁም መልስ ነው።

ሁለተኛው ትውውቅ ነው። እኛ ቁጥራችን ትንሽ፣ ገመዳችን ብዙ ነው። ከሳሹ እድራችን ውስጥ ሊሆን ይችላል፤ አስተርጓሚዋ ከሰንበት ትምህርት ቤት የምናውቃት፣ ምስክሩ የእቁባችን ጸሐፊ ሊሆን ይችላል። ዳኛው «የምታውቁት አለ?» ሲሉ «በዓይን ነው የማውቀው» ብሎ ዝም ማለት አይበቃም። እጅ አውጥቶ እንዴት እንደሚያውቀው ይናገር፤ ይነሣ አይነሣ የሚለውን ዳኛው ይወስኑ።

ወደ «የገንዘብ ጭቅጭቅ» እንምጣ። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት 7ኛ ማሻሻያ በ1791 ሲጸድቅ በፍትሐ ብሔር የጁሪ መብት የሚጀምረው ከ20 ዶላር በላይ ለሆነ ክርክር ነው ብሎ ጻፈ። የሰው ገንዘብ ውስጥ የሰው ሕይወት እንዳለ ያወቁ ይመስለኛል። በቨርጂኒያና በሜሪላንድ ደግሞ ነገሩ ይብሳል፤ ሕጉ በመርሕ ደረጃ፣ የተጎዳው ሰው ራሱ ለአደጋው በትንሹም ቢሆን አስተዋጽኦ ካደረገ ምንም ካሳ አያገኝም ይላል። ኤድመንሰን በቨርጂኒያ ቢሆን ያቺን 18,000 ዶላር እንኳ ባላገኘ ነበር። በቨርጂኒያ ሰባቱም መስማማት አለባቸው። አንድ የጭነት አውራጅ ወገቡ ተሰብሮ ሁለት ዓመት ሲተኛ የሚቋረጠው የእሱ ደመወዝ ብቻ አይደለም፤ ደብረ ብርሃን ላለች እናቱ በየወሩ የሚልከው ይቋረጣል፣ የታናሽ እህቱ ትምህርት ይቋረጣል። ጭቅጭቅ የተባለው ይህ ነው።

ስለ ቀን ገቢ ጸሐፊው ያሉት እውነት ነው፤ እኔም አብሬ እጮኻለሁ። የፌዴራል ፍርድ ቤት የሚከፍለው በቀን 50 ዶላር ነው። ኡበር ነድቶ ቤት ኪራይ ለሚከፍል ሰው ይህ አይበቃም። ግን ይህም ታሪክ አለው። በ1946 ቲል ከሳውዘርን ፓሲፊክ በተባለ የፍትሐ ብሔር ጉዳይ፣ የሳን ፍራንሲስኮ ፌዴራል ፍርድ ቤት ሹማምንት የቀን ሠራተኞችን ስም ሆን ብለው ከዝርዝሩ ያስቀሩ ነበር፤ ምክንያታቸው «ቢጠሩም ገቢያችን ይቀራል ብለው ይቅርታ ይጠይቃሉ» የሚል ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ይህ አይሆንም፣ የቀን ሠራተኛ የሌለበት ጁሪ የሕዝብ ጁሪ አይደለም ብሎ ፍርዱን ሻረው። እነዚያ ሹማምንት ያደረጉብንን ዛሬ በራሳችን ላይ በገዛ እጃችን እናድርገው ነው የሚሉን። የሚቸገር ሰው ቀኑ እንዲተላለፍለት ይጠይቅ፤ የልጅ ሞግዚት የሌላት፣ የታመመ የምታስታምም ሴት ችግሯን ጽፋ ትላክ። በፌዴራል ፍርድ ቤት ጁሪ በመሆኑ ሠራተኛውን ያባረረ አሠሪ እስከ 5,000 ዶላር ሊቀጣ ይችላል። ይህ ሁሉ ያለ ውሸት የሚገኝ መብት ነው፤ የጸሐፊው ጽሑፍ ውስጥ ግን አንዱም የለም።

የቀረው «በባህላችን ጁሪ የለም» የሚለው ነው። እውነት ነው፣ የኢትዮጵያ ፍርድ ቤቶች በጁሪ አይሠሩም። ግን ዳኝነትን ለተሾመ ሰው ብቻ ትተን የኖርን ሕዝብ አይደለንም። «የዳኛ ያለህ!» ሲባል፣ «በሕግ አምላክ!» ሲባል መንገደኛው ቆሞ የሚሰማበት አገር ነው ያሳደገን። ሽምግልና ላይ ሁለቱም ወገን የየራሱን ሽማግሌ ይጠራል፤ ከዚያ ምን ይላል? «እሱ የባላጋራዬ አበልጅ ነው፣ አይዳኘኝም።» «ከእሳቸው ጋር የድንበር ቂም አለን፣ ይነሡልኝ።» ሽማግሌውም አይቀየሙም፤ «ልክ ነህ ልጄ» ብለው ጋቢያቸውን ሰብስበው ይነሣሉ። አባቴን እንዲህ ሲነሡ በልጅነቴ አይቻለሁ። ዝምድናውን ደብቆ የተቀመጠ ሽማግሌ ግን፣ የታወቀበት ቀን፣ ከዚያ በኋላ በሰፈሩ የሚጠራው የለም። ቨርጂኒያ ውስጥ ዳኛው «ከተከራካሪዎቹ ጋር ዝምድና ያለው አለ?» ብለው ሲጠይቁ መጀመሪያ የመጣብኝ የአባቴ ጋቢ ነበር።

ጸሐፊውን አላውቃቸውም፤ በክፋት የጻፉት አይመስለኝም። ጽሑፋቸውን ሙሉ በሙሉ ይሠርዙ አልልም፤ ስለ ክፍያው፣ ስለ ቀለም ያሉት ይቆይ። አንድ ነገር ግን እለምናቸዋለሁ። «እንግሊዝኛ አልችልም ብላችሁ ሙሉ» የምትለዋን አንቀጽ ዛሬውኑ ያውጧት፤ በቦታዋም ቀን እንዴት እንደሚዛወርና ችግር እንዴት እንደሚገለጽ ይጻፉበት። ጽሑፉን የላካችሁልኝ ሦስታችሁም ለሌላ ሰው ልካችሁት ከሆነ ይህንንም ላኩላቸው። እህቴ መጥሪያዋ ለሚቀጥለው ወር ነው፤ ቅጹን አብረን ሞልተነዋል።